ሁለት ጊዜ የማይጠየቅበት ቤት

እነ ኪርስቲ ቤት አልፈልግም የተባለ ነገር ተነስቶ በበሩ ይወጣል። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነገረኝም ከአውሮፕላን በወረድኩበት ቀን የሚገባኝ አይመስለኝም።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። እኛ ዘንድ ምግብ ቀርቦለት ገና በመጀመሪያው ጥያቄ “እሺ” የሚል ሰው የለም። ካለም ለብዙ ዓመት ይወራበታል። መጀመሪያ “ኧረ ጠግቤያለሁ” ይባላል። ባለቤቲቱ “ምን በልተሽ ነው የጠገብሽው?” ትላለች። “ኧረ በአላህ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት” ይባላል። ይሄኔ “በሞቴ!” ትላለች። በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ጠብ መፈለግ ነው፤ እጅ ይታጠባል፣ ይበላል። መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁሉም ሰው ከመጀመሪያው ያውቃል። መግደርደር እንለዋለን። እኔ ደግሞ፣ ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና፣ ሲያዩኝ የማምር ተግደርዳሪ ነበርኩ።

ፊንላንድ የሄድኩት የሐይቅ ውሃ ላጠና ነው። ዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎችን ለመጀመሪያው መንፈቅ ከቤተሰብ ጋር ያስቀምጣል። እኔን ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቅ ዳር ካለ ቢጫ የእንጨት ቤት አስቀመጡኝ። ኪርስቲ የጥርስ ሐኪም ናት። ባሏ ታፒዮ ጀልባ ይጠግናል፤ ብዙ አያወራም። ልጃቸው ቬንላ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንግሊዝኛ የተማረችው ከካርቱን ስለሆነ ከሁላችንም ፈጥና ታወራለች። ኪርስቲና ታፒዮ እናትና አባቴን የሚያክሉ ሰዎች ናቸው፤ አንቱ ልላቸው ይገባ ነበር። ግን እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፣ እነሱም በስማችን ጥሪን ስላሉኝ እንዳሉኝ አደረግኩ። መጀመሪያ አካባቢ ስማቸውን በጠራሁ ቁጥር አንገቴን እሰብር ነበር።

በመጣሁበት ቀን እራት የዓሣ ሾርባ ነበር። ኪርስቲ ቀድታ ፊቴ አስቀመጠችና “ትፈልጊያለሽ?” አለችኝ።

“ኧረ ተዪው፣ ጠግቤያለሁ” አልኩ። ቀኑን ሙሉ የበላሁት አውሮፕላን ላይ የሰጡኝን ደረቅ ዳቦ ብቻ ነበር።

“እሺ” አለች ኪርስቲ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ ሳህኑ ከፊቴ ሸሸት አለ። ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሄደ፣ ወንበር ላይ ወረደ፣ ከወንበሩም ወለሉ ላይ ወረደ። ሾርባው አልፈሰሰም። ታፒዮ ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳና፣ ድመት ልውጣ ስትል እንደሚደረገው፣ በሩን ከፈተለት። ሳህኑ ወጣ። ታፒዮ በሩን ዘግቶ ተመለሰና መብላቱን ቀጠለ።

“የት ነው የሚሄደው?” አልኩ።

“ማዶ” አለ ታፒዮ።

“መንገዱን ያውቀዋል?”

“ሁሉም ያውቀዋል።”

ድካም ነው አልኩ ለራሴ። ኪርስቲ መኝታ ክፍሌን አሳየችኝ። ክንዷ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፋ ይዛለች። “ይህን ልጨምርልሽ?” አለች። “ኧረ ያለው ይበቃኛል” አልኩ። ብርድ ልብሱ ከክንዷ ተንሸራቶ ወረደና ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ሄደ። ታች የበሩ ድምፅ ተሰማ። እራት ሳልበላ፣ ብርድ ልብስ ሳልደርብ ተኛሁ። አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለ ሳህኑ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ቆንቋና ቢሆኑ ነው አንዴ ጠይቀው የሚተዉኝ ብዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦውና እንቁላሉ ወጡ። አፌ ቀድሞኝ “ኧረ” ይላል፤ “ኧረ” ካልኩ በኋላ የቀረው ራሱ ተከትሎ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ቬንላ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጥቁር ከረሜላ ይዛ መጣች። ለሁለት ገምሳ “እንካፈል” አለችኝ። “ኧረ አንቺው ብዪው” አልኩ፤ የኔ ግማሽ ከመዳፏ ላይ ዘሎ ሄደ። ቬንላ ከኋላው አየችው። “እኔ ብወስደው ይሻል ነበር” አለች። ዝናብ ስለነበር ኪርስቲ የራሷን ወፍራም ካፖርት ልታውሰኝ ብላ ከመስቀያው አወረደችው። “ኧረ ይቅርብኝ” ስላት እሱም እጅጌዎቹን እያወዛወዘ በአትክልቱ መሃል አልፎ ወደ ሐይቁ ሲወርድ አራታችንም በመስኮት አየነው።

“ለምን ሁለተኛ አትጠይቂኝም?” አልኳት ኪርስቲን፣ ዕቃ ስናጥብ።

“ምን ብዬ?”

“ትፈልጊያለሽ ወይ ብለሽ።”

“አልፈልግም ብለሽ የለ?”

“ብያለሁ። ግን...”

ኪርስቲ እጇን በፎጣ አደረቀችና ዞር ብላ አየችኝ። “ሁለተኛ ብጠይቅሽ” አለች “መጀመሪያ ያልሽውን አላመንኩሽም ማለት ነው። ቤቴ የመጣን ሰው እንዴት አላምነውም? ይህ እኮ ትልቅ ነውር ነው።”

ፊቷ ላይ ቀልድ የለም። እኔ ቆንቋና ናቸው ብዬ ሳለቅስ እነሱ ለካ ሲያከብሩኝ ነው የዋሉት። ይህን ሳስብ የምጠርገውን ሳህን ይዤ ብዙ ቆምኩ። እናቴ አንድም እንግዳ የመጀመሪያ ቃሉን አምናው አታውቅም። ወደ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ዋሽቶ ነው የሚበላው፤ እኛም ውሸቱን እያወቅን ነው የምንለምነው፤ ያም ፍቅር ነው። እዚህ ደግሞ ሰውን ያምኑታል፣ ያም ፍቅር ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። በዚያ ሰዓት የማውቀው መራቤን ብቻ ነበር።

እናቴ ደወለች።

“በልተሻል?”

“በልቻለሁ።”

“እውነት በልተሻል?”

“በልቻለሁ እማ።”

“ዘምዘም፣ በሞቴ በልተሻል?”

“አልበላሁም።”

የሆነውን ነገርኳት። ሳህኑ በእግሩ ወጣ አላልኳትም፤ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁት አልኳት። “እና እሺ በያቸዋ” አለች።

“አፍሬ ነው።”

“እፍረትሽን ዋጪና ብዪ። እኔ እንዲህ ሆነሽ እንድትቀሪልኝ አይደለም የላክሁሽ።”

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በመስታወት ፊት “አዎ” ማለት ተለማመድኩ። “አዎ፣ እፈልጋለሁ።” ስሰማው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር፣ ደፋር ነገር። ማታ ኪርስቲ “ድንች?” አለችኝ። ብብቴ አላበው። “አዎ” አልኩ። ኪርስቲ “እሺ” ብላ ድንቹን አቀረበችልኝ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፣ ማንም አልሳቀብኝም። “ዓሣ?” “አዎ።” “ዳቦ?” “አዎ።” እንዲህ እያልኩ የቀረበውን ሁሉ ጠረግኩት። ቬንላ አገጯን በእጇ ደግፋ እስክጨርስ አየችኝ። ነገሩ ገብቶኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አልገባኝም ነበር። ለምግብ ብቻ ነው የገባኝ።

ትምህርት የሚጀመር ዕለት ጠዋት መተላለፊያው ላይ ጫማዬን ሳስር ቬንላ ቢጫ ቦት ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አዝላ መጣች። “አውቶብሱ ድረስ አብሬሽ ልምጣ?” አለችኝ። “መንገዱን አሳይሻለሁ።”

ውጭ ያካፋል። ልጅ ናት፣ ጓንት እንኳ አላደረገችም፣ ፌርማታው ደግሞ ሩቅ ነው። አስቤ አልመለስኩም። “ኧረ አትቸገሪ የኔ እናት” አልኳት “እኔው አገኘዋለሁ።”

“እሺ” አለች ቬንላ።

ታፒዮ እንደ ልማዱ እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ ነበር። ማን እንደቆመ ሲያይ እጁ እጀታው ላይ ቀረ። ከዚያ ከፈተ። ቬንላ ወጣች። በትምህርት ቤቷ መንገድ አልታጠፈችም፤ በአትክልቱ መሃል አድርጋ ቀጥ ብላ ወደ ሐይቁ ወረደች። አንድ ጊዜም ዞር አላለችም።

ኪርስቲ ስኒዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ክፍቱን በር አየች፣ እኔን አየች።

“ምን ጠየቀችሽ?”

“አብሬሽ ልምጣ አለችኝ።”

“አንቺስ?”

“አትቸገሪ አልኳት።”

ኪርስቲ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ በወደድኩ። “እንግዲህ ሄደች” አለች።

“ጥሯት እንጂ! እናትና አባቷ አይደላችሁም?”

“እምቢ ያልናት እኛ አይደለንም” አለች ኪርስቲ። “እኛ ብንጠራት አትሰማም።”

ታፒዮ ያን ቀን በመጣሁ በስንት ጊዜዬ ረጅም ነገር ሲያወራ ሰማሁት። ሄይኪ የሚባል ወንድም ነበረው። አንድ ክረምት ታፒዮ ጀልባ ሲገለብጥ ሄይኪ “ልርዳህ?” አለው። ታፒዮ “እችለዋለሁ” አለ። ሄይኪ ያን ለት ለሠርግ የለበሰውን ልብስ እንደለበሰ ማዶ ተሻገረ። አሁንም እዚያ ነው።

“እና ሄደህ አልለመንከውም?”

“አንዴ ተናግሬያለሁ” አለ ታፒዮ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የሰው ልጅ በአንድ ቃሌ ከቤቷ አስወጥቻለሁ፤ ቤተሰቦቿ ደግሞ ሊያምኑኝ ቆርጠዋል። ኪርስቲ ከመሳቢያ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ጓንቶች አወጣች። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያስተካከለች ጭኗ ላይ አስተኛቻቸው።

“ማዶ ይበርዳል” አለች። “ይህን ይዘሽላት ትሄጃለሽ?”

“አዎ” አልኩ። ይህኛው አላላበኝም።

ታፒዮ በጀልባ አሻገረኝ። ዳር ስንደርስ አልወረደም፤ ጀርባውን ለመሬቱ ሰጥቶ ቁጭ አለ።

ማዶ ከዛፎቹ ሥር ያልተፈለገ ነገር ሁሉ በሥርዓት ቆሟል። ብስክሌቶች፣ አንድ ፒያኖ፣ ያልተነኩ ኬኮች፣ ጅራቱን የሚቆላ ሽማግሌ ውሻ። የኔ ሾርባ አሁንም ይጨሳል። ብርድ ልብሴ እንደታጠፈ ነው፣ የኪርስቲ ካፖርትም ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሠርግ ልብስ የለበሰ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ተቀምጧል፤ ሄይኪ መሆኑ ነው። ሰላም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ቬንላ ከጎኑ ናት። አላኮረፈችም፣ አላለቀሰችም፤ አውቶብስ እንደምትጠብቅ ሁሉ ተቀምጣለች።

“ቬንላ፣ ነይ ቤት እንሂድ።”

“እዚህ ደህና ነኝ” አለች።

“ጓንትሽን አምጥቼልሻለሁ። በአላህ ነይ።”

“አትቸገሪ ብለሽኛል እኮ።”

“እንደሱ የሚባለው እንድትመጪ ነው። እኛ አገር እንደዚያ ነው።”

ቬንላ አሰበችበት። “እኛ አገር እንደዚያ አይደለም” አለች። እውነቷን ነው።

ጉልበቴን አጥፌ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። የሚቀጥለውን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። በአማርኛ ነው ያልኩት። “ቬንላ፣ በሞቴ።”

ይህን ስል ሄይኪ ቀና ብሎ ከትከሻዬ በላይ ወደ ዛፎቹ ተመለከተ። ዞር ስል ምንም የለም።

“ምን አልሽኝ?” አለች ቬንላ።

“በሞቴ አልኩሽ። እንድትመጪልኝ በሞቴ እምላለሁ ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚለመንበት የለም።”

“ለኔ ነው?”

“ላንቺ ነው።”

ጓንቶቹን ተቀበለችኝ፣ አደረገቻቸው፣ ተነሳች። ካፖርቱ ከቅርንጫፉ ወረደ። ብርድ ልብሱና ሾርባውም ተከተሉን። ጀልባው ውስጥ ስንገባ ታፒዮ ልጁን አየ፣ ቀጥሎ ጀልባው ውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደሰመጠ ጎንበስ ብሎ አየ።

“ከብዷል” አለ።

“ሾርባው ነው” አለች ቬንላ።

ኪርስቲ በሩ ላይ ትጠብቀን ነበር። እጇን ቬንላ ራስ ላይ አሳረፈችና ለብዙ ጊዜ ሳታነሳው ቆመች። ካፖርቱ ገብቶ መስቀያው ላይ ተሰቀለ። ብርድ ልብሱ ወደ ላይ ወጣ። ታፒዮ ግን በሩን አልዘጋም።

“አንድ ሰው ቀርቷል” አለ።

በረንዳው ላይ ቆመው የቀሩት ሞቴ አንቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ጥቁር ሻሽ አስረዋል፣ ኮንጎ ጫማ በወፍራም ካልሲ አድርገዋል። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት አጥር ላይ ስወድቅ ግንባሬ ላይ የቀረችው ጠባሳ እሳቸውም ግንባር ላይ አለች፤ የሳቸዋን መጨማደድ ሸፈን አድርጓታል። ዕድሜያቸው ገፍቷል። እዚያ ዕድሜ ለመድረስ እኔ ገና ብዙ ይቀረኛል።

“ማን ልበል?” አልኩ።

“ሞትሽ ነኝ ልጄ። በኔ ምለሽ የለ?”

“ቀደም ብለው መጡ።”

“እኔም አልተዘጋጀሁም ነበር” አሉ። “ግን ሰው በስሜ ሲምል ሰምቼ እንዴት ቁጭ እላለሁ? ነውር ነው።”

የደሴ ሰው ናቸው። በአነጋገራቸው ሰፈራቸውን ሁሉ መገመት ይቻል ነበር።

“እንግዳሽ ናቸው?” አለች ኪርስቲ። “ይገባሉ ወይ በያቸው።”

ይግቡ ትላለች አልኳቸው። “ኧረ አትቸገሩ፣ እኔ እዚሁ ደህና ነኝ” አሉ። ይህን እያሉ አንዱን ጫማቸውን በሌላኛው እግራቸው ገፋ አድርገው ማውለቅ ጀምረዋል።

ኪርስቲ ምን አሉ በሚል ዓይን አየችኝ። ሰው ያለውን አዛብቼ ተርጉሜ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላዛባሁም። “አልፈልግም ብለዋል” አልኳት።

“እሺ” አለች ኪርስቲ። ታፒዮ በሩን ዘጋ።

እሳቸው ግን አልሄዱም። ሁለተኛ እስኪጠየቁ በረንዳው ላይ ቆሙ። ጠዋት ወደ ትምህርት ስወጣ አጠገባቸው ነው የማልፈው። “እንዴት አደሩ?” እላለሁ። “አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ?” ይላሉ። ትምህርቴን ይጠይቁኛል። ስለ ውሃ ነው ስላቸው ጥሩ ነው ይላሉ። አንድ ቀን ከቆሙበት በመስኮቱ ወደ ውስጥ እያዩ “ቤቱ ይሞቃል?” አሉኝ። “ይሞቃል” አልኩ። መስኮቱን ማየታቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የመምህሩን አንድ ቃል አልሰማሁም። ሽማግሌ ሴት በር ላይ አቁሜ፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እማራለሁ። የፈራሁት ሞትን ይሁን ወይስ መባለግን እስካሁን ለይቼ አላውቅም።

ለእናቴ ሳልነግራት መቆየት አልቻልኩም። አንዲት የአገራችን ሴት በር ላይ ቆመዋል፣ እምቢ ስላሉ አላስገባናቸውም አልኳት።

“ምን?” አለች። “አሮጊት በር ላይ አቁመሽ! እኔ እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?”

“እማ፣ አንቺ አታውቂም።”

“ምኑን ነው የማላውቀው? አስገቢያቸው ብዬሻለሁ። ዛሬውኑ።”

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተኛሁ።

በዚያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሌላም ነገር ተጀምሮ ነበር። ማዶ ምን እንዳልኳት ቬንላ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። አስረዳኋት፦ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ እንግዳው እምቢ ይላል። ሁለተኛ ይጠየቃል፣ አሁንም እምቢ ይላል። ሦስተኛው ላይ በሞቴ ይባላል፣ ያን ጊዜ እሺ ይላል። በጣም ወደደችው። በአሻንጉሊቶቿ ትለማመዳለች፣ አማርኛዋም ከእንግሊዝኛዋ ይልቅ ጠራ። ታፒዮ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ይሰማል። አንድ ጠዋት ጀልባውን ይዞ ማዶ ተሻገረ። ከዚህ ሆነን አየነው። ወንድሙን አንድ ጊዜ ጠራው። ከዚያ አፉን ከፍቶ ቆሞ ቆሞ ተመለሰ። “ሁለተኛው አልወጣልኝ አለ” አለን፣ ጓንቱን እያወለቀ። እኔ “አዎ” ለማለት መታጠቢያ ቤት እንደተለማመድኩት እሱም የጀልባ ቤቱ ውስጥ ሲለማመድ ድምፁ ይሰማል።

የመጀመሪያው በረዶ የወረደ እሑድ ምሳ ላይ ነበርን። ቬንላ በመስኮት አየች። “አሮጊቷ ላይ በረዶ እየወረደ ነው” አለች።

“አልፈልግም ብለዋል” አለች ኪርስቲ።

“አንዴ ነው እንጂ ያሉት። ሦስቴ አልተጠየቁም” አለች ቬንላ። ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና በሩን ከፈተች። ብርዱ ገባ። “ይግቡ” አለች በአማርኛ፣ እኔ እንዳስተማርኳት ጎንበስ ብላ።

“ኧረ ተዪኝ ልጄ፣ ደህና ነኝ” አሉ ሞቴ።

“ኧረ ይግቡ።”

“አትቸገሪ የኔ እናት።” ኮንጎ ጫማዎቹን አውልቀው ጨርሰዋል።

ቬንላ ወደ እኔ ዞራ በኩራት ሁለት ጣት አሳየችኝ። ከዚያ ሦስተኛውን ልትል ትንፋሿን ሳበች።

ሦስተኛው እንዴት እንደሚባል እኔ ነኝ ያስተማርኳት። በማን ሞት እንደምትምልም አውቃለሁ። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ መዳፌን አፏ ላይ አደረግኩ። በመዳፌ ውስጥ ከንፈሯ ቃሉን ሊጀምር ሲገጥም ተሰማኝ።

“ይግቡ” አልኩ እኔው። “ይግቡ እማማ፣ ይግቡ።”

ገቡ። ጫማቸውን ከቬንላ ቢጫ ቦት አጠገብ አስተካክለው አስቀመጡ። የኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኪርስቲ ሾርባ ቀድታ ፊታቸው አስቀመጠችና “ትፈልጊያለሽ?” አለቻቸው፤ ተረጎምኩላቸው።

“ኧረ ጠግቤያለሁ” አሉ።

“እሺ” አለች ኪርስቲ። ሳህኑ ተነሳ፣ ወረደ፣ ታፒዮ ከፈተለት፣ ወጣ። ሞቴ በዓይናቸው እስከ በሩ ሸኙት።

“ሁለተኛ አይጠይቁም?” አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“አይጠይቁም።”

“ጉድ ነው” አሉ። ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ በደግ ዓይን አዩኝ። “በይ እንግዲህ ልጄ። መንገዱን አሳይሻለሁ። አብረን እንሂድ?”

ከመጣሁ ጀምሮ ያጠናሁት አንድ ነገር ቢኖር አዎ ማለት ነው። ድንችም፣ ዓሣም፣ ካፖርትም ሲሉኝ አዎ እላለሁ፤ ምላሴ ለምዶታል። ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ቬንላ እጄን ይዛኛለች፣ ጣቶቿ ሾርባ ነክቷቸዋል። ኪርስቲ የምለውን ሁሉ ልታምን እየጠበቀች ነው። እኔም ከደሴ ይዤው የመጣሁትን፣ ሲያዩት የሚያምረውን መግደርደሬን ፈልጌ አገኘሁት።

“ኧረ አይቸገሩ” አልኳቸው። “እኔው አገኘዋለሁ።”

ሞቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ አስተዳደጌን የወደዱት ይመስለኛል። ተነሱ። ታፒዮ በሩን ከፈተላቸው። በአትክልቱ መሃል፣ ሳህኑ በሄደበት መንገድ ወደ ሐይቁ ወረዱ።

“እምቢ አልሻቸው?” አለች ኪርስቲ።

“አዎ።”

“እንግዲህ አለቀ” አለችና መብላቷን ቀጠለች። ሄዶ የቀረ ነገር እንጂ ሄዶ በራሱ የመጣ እሷ አታውቅም፤ ልጇ እንኳ የመጣችው ተለምና ነው። እሳቸው ግን የደሴ ሰው ናቸው። የጠየቁኝም ገና አንድ ጊዜ ነው።

ማዶ ሄይኪ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ከክፍሌ መስኮት ሁለቱም ይታያሉ። መምህሬ ሐይቅ በረዶ ሆኖ መርጋት የሚጀምረው ዙሪያውን፣ ውሃው ከማይጠልቅበት ሁሉ ነው ብሎ አስተምሮናል። የእኛ ሐይቅ ዘንድሮ መርጋት የጀመረው ከዚያው አግዳሚ ወንበር በኩል ብቻ ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ቤታችን ይጠጋል። ኮንጎ ጫማዎቹ አሁንም መተላለፊያው ላይ ናቸው፤ ቬንላ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጎን ለጎን ታስተካክላቸዋለች። ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ሞቴ በካልሲያቸው ማዶ ዳር ላይ ቆመው፣ በረዶው ይሸከም እንደሆነ በአንድ እግራቸው ቀስ ብለው ይሞክሩ ነበር።